ፍሬኑን ቀይርለት

ሟቹ የተገኘው ወንዙ በሚታጠፍበት፣ የብስክሌት መንገዱ አስፋልትም ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል በሚጠመዘዝበት ቦታ ነው። ራሱ ዳር ካለው ድንጋይ ተላትሟል፤ እግሩ ውኃ ውስጥ ነው። ብስክሌቱ ከኋላው ቀርቶ መንገዱ ላይ ተገልብጧል፤ መቀመጫው ታች፣ ጎማዎቹ ወደ ሰማይ።

ከተማው «ደቂቃ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው በብስክሌት ወንዙን ተከትሎ እየሄደ የማማውን ሰዓት የሚሞላው እሱ ነው። እሱ ከዘገየ ከተማው ይዘገያል፤ የዚያን ዓርብ ዳቦ ቤቱ ሳይቀር አረፈደ።

መርማሪዋ ቅዳሜ ስትደርስ ሳጅኑ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት። ሳጅኑ መጨረስ ይወዳል፤ የሚለግመው መጀመር ላይ ነው።

«ገዳዩን አስረናል። ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ጀልባ ቀዛፊው። ረቡዕ ዕለት ሰው እየሰማ ‹ይሄ ወንዝ ይብላህ!› አለው። ዓርብ ወንዙ በላው።»

«ወንዙንስ አሰርከው?»

ሳጅኑ ደብተሩን ገለጠ፤ መልሶ ዘጋው።

ቀዛፊው የጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ መቅዘፊያ የሚያካክሉ እጆቹን ጭኑ መሃል ቀብሯቸዋል።

«ምን አጣላችሁ?»

«ደወል። ጀልባዬን ስጎትት መንገዱን ዘጋሁበት። ደወሉን ‹ቂል! ቂል!› አደረገብኝ። ‹ማንን ነው ቂል የምትለው?› ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ… ያን አልኩት።»

«ዓርብ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ወንዙ ላይ፣ ብቻዬን። ማን ይመሰክርልኛል? ዓሣ?» ሊስቅ ሞክሮ አፉ ተጣመመበት። «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው እመቤቴ። እጄ አልነካውም። ምላሴ ይሁን የገደለው ግን እንጃ። ሰኞ ዳኛው ‹ጥፋተኛ ነህ› ቢለኝ ምን ብዬ እከራከራለሁ?»

መርማሪዋ ይህን ዓይነቱን ሰው ታውቀዋለች፤ ወረቀት ካቀረቡለት ሳያነብ የሚፈርም ነው። እስከ ሰኞ የቀራት አንድ እሑድ ብቻ ነው።

የሟቹ ቤት ግድግዳ ላይ ሰባት ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱም አይሠራም።

«የቤቱን ‹ነገ፣ ነገ› ይላል» አለች ሚስቱ፣ ያለፈውን እንዳላለፈ አድርጋ። «ያን ትልቅ ሰዓት ሲጠመዝዝ ቀኝ አውራ ጣቱ ወለም ብሎት ነበር። ‹ትንሽ ቀን መንዳቱን ተወው› ብለው አሻፈረኝ አለ። ሐሙስ ምሳ በልቶ ጋደም ሲል ብስክሌቱን ገፍቼ ጠጋኙ ዘንድ ወሰድኩለት። ‹እጁን ስለሚያመው ፍሬኑን ቀይርለት› አልኩት።»

«ቀየረለት?»

«‹ቀይሬዋለሁ እትዬ፣ አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ይለምደዋል› አለኝ።»

«ለባልዎ ነገሩት?»

«‹ፍሬንህ ተቀይሯል› አልኩት። ‹እጅሽ ይባረክ› አለኝ።»

መርማሪዋ «ይለምደዋል» የምትለዋን ቃል ጻፈችና ከሥሯ ሁለት ጊዜ አሰመረች።

ጠጋኙ ጆሮው ላይ እርሳስ የሚሰካ፣ ከሰው ይልቅ ብሎን የሚቀለው ሰው ነው። የሟቹ ብስክሌት እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆሟል፤ «ጣቢያችን ጠባብ ስለሆነ» ብሎ ሳጅኑ በአደራ ያስቀመጠው ነው። መርማሪዋ ሳጅኑን አየችው። ሳጅኑ ጣሪያውን አየ።

«ፍሬኑን ቀይረህለት ነበር?»

«ቀይሬለታለሁ።»

ጎንበስ ብላ አየች። የኋላው ፍሬን ላስቲክ ብረቱ እስኪታይ አልቋል። የፊተኛው አቧራ ለብሷል እንጂ ወፍራም ነው። አዲስ ነገር የለም።

«አንተ ቀጣፊ! ሳትሠራ ነው ሠራሁ የምትለው?» አለ ሳጅኑ።

«ቀይሬያለሁ አልኩ እኮ!» አለ ጠጋኙ። ዓይኑ ግን የብስክሌቱ መሪ ላይ ነበር። መርማሪዋ ዓይኑን ተከትላ አየች፤ በሁለቱም የፍሬን እጀታዎች ሽቦውን የያዙት ብሎኖች በአዲስ ጭረት ያብለጨልጫሉ።

«አንድ ብስክሌት አከራየኝ» ብቻ አለችው።

እንግዲህ ምን ይደበቃል፣ መንገዱ ደስ ይላል። አስፋልቱ ልስልስ ያለ፣ ዛፎቹ ውኃው ላይ ያጎነበሱ። አሮጌው ወፍጮ ደጃፍ አስጎብኚዋ «ይህ መዘውር ሦስት መቶ ዓመቱ ነው» ትላለች፤ መዘውሩን የሠራው አናጢ አጠገቧ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። የድንጋዩ ድልድይ ላይ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። መርማሪዋ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። ደቂቃም እንዲህ ደስ እያለው ነበር የሄደው።

መታጠፊያው ጋ ስትደርስ በቀኝ እጇ ጨመቀች። የኋላው ጎማ ተንሸራቶ ረጅም ጥቁር መስመር ጥሎ ቆመ። ከጎኑ የደቂቃ መስመር አለ፤ ስንዝር ተኩል ብቻ። ከዚያ ወዲያ ምንም።

እሑድ ጠዋት ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ቀዛፊውንም ጭምር።

«ደቂቃን የገፋው ሰው የለም» አለች። «ምልክቱ አጭር ነው፤ ብስክሌቱም ተገልብጧል። እንዲህ የሚሆነው የፊት ጎማ ድንገት ሲያዝ ነው። እሱ ግን የፊቱን ፍሬን ነክቶት አያውቅም፤ ላስቲኩ ይመስክር። ሠላሳ ዓመት የኋላውን ብቻ፣ በቀኝ እጁ፣ ሲይዝ ኖሮ ጨረሰው። ስላለቀም አጥብቆ መጭመቅ ለመደ። ዓርብ ዕለትም እንደ ልማዱ በቀኙ አጥብቆ ጨመቀ። የተያዘው ግን የፊቱ ሆነ።» ወደ ሚስቱ ዞረች። «እትዬ፣ ‹ቀይርለት› ሲሉት ምን ማለትዎ ነበር?»

«አሮጌውን አውጥቶ አዲስ እንዲያስገባለት ነዋ! ያለቀውን ሲጨምቅ እጁን እያመመው…»

«አንተስ ምን ሰማህ?»

ጠጋኙ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። «እጁን ስለሚያመው… የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ። የኋላው ፍሬን በደህናው እጁ እንዲሆንለት። ቀየርኩለት። ላስቲኩ ማለቁንም አይቻለሁ፤ ማክሰኞ ዕቃ ሲመጣልኝ በነጻ ላስገባለት ነበር።»

«ከሞተ በኋላስ?»

«ሳጅኑ ብስክሌቱን ሲያመጣው ያኔ ገባኝ። ፈራሁ። ሽቦዎቹን እንደነበሩ መለስኳቸው።»

«ወንድሙ ታስሮ እያየህ?»

«ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ…»

ሚስቲቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከአፏ የወጣውን አሁን ልትመልሰው የፈለገች ይመስል።

«ስለዚህ እኔ አይደለሁም?» አለ ቀዛፊው።

«አይደለህም። ነጻ ነህ።»

ፊቱ አልፈካም። «ያን ቃልስ ለማን ልመልሰው?»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ ማንን ነው የማስረው?»

ማስረጃ ስለነካካ ጠጋኙ ይጠየቃል፤ እሱ ቀላል ነው። ሞቱን ግን መርማሪዋ በማን ትጻፈው? ቅጹ ላይ «ገዳይ» ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ አንድ ቃል ብቻ ይይዛል። ሁለት ፍቺ ያላትን ያቺን አንድ ቃል ታውቃታለች፤ ልትጽፋት ግን አትችልም። እስክሪብቶዋን ከደነች።

በሩ ላይ ደወል «ቂል!» አለ። ቀዛፊው ደንግጦ ብድግ አለ።

ቀይ ባርኔጣ ያደረገች ጎብኚ ነች፤ ብስክሌቷን እየገፋች፣ ፊቷ ከንፋሱና ከደስታው ቀልቶ። «እንዴት ያለ ቆንጆ መንገድ ነው ያላችሁ! ወንድሜ፣ ፍሬኔን ትቀይርልኛለህ?»

ጠጋኙ መፍቻውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። መርማሪዋ መሬት መሬት አየች።

የደቂቃ ሚስት ከተቀመጠችበት ተነስታ የእንግዳዋን ብስክሌት መሪ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«አስረድተሽ ንገሪው፣ ልጄ» አለቻት።