ከደረጃው ስር ያለችው ጓዳ

«አጥፋው ብዬሃለሁ» አለች ቁንዶ።

«ምኑን? የመጥረጊያና የባልዲ ክፍል አይደል? ባልዲ የሚይዘው ማነው ታዲያ፣ እኔ ነኝ?»

ከበሮ ይህን ሲል የኮምፒዩተር ክፍሉ በሳቅ አበደ። ከበሮ ያሉት ድምፁ ስለሚያስተጋባ ነው፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ። ስክሪኑ ላይ ቡድናቸው የሠራው ቤተ መጻሕፍት ቆሟል። ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ በማውስ ብታዞረው ይዞራል፣ ሰው አስገብተህም ታራምድበታለህ። ፕሮግራሙ ለየክፍሉ ስም ስጡ ይላል። ከበሮም ከደረጃው ስር ላለችው ጠባብ ጓዳ ስም አውጥቶላታል፦ «የቁንዶ እናት ቪላ»።

የቁንዶ እናት የዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ባልዲያቸው የሚያድረውም እውነትም ደረጃ ስር ነው። ልጅቷን ቁንዶ ያሏት ትንሽ ሆና ስለምታቃጥል ነው።

የሚያንገበግባት ደግሞ ሐሳቡ የሷ መሆኑ ነው። ያው አንድ አዳራሽ ጠዋት ማንበቢያ፣ ከሰዓት የልብስ ስፌት መማሪያ፣ ቅዳሜ የሰፈር ስብሰባ፤ ጠረጴዛው ከስሩ ጎማ ስላለው ገፋ አድርጎ ግድግዳ ማስጠጋት ነው። ከምሳ በኋላ አንዲት አርክቴክት መጥታ ትዳኛለች፤ ያሸነፈው ቡድን ክረምቱን ሙሉ እሷ ቢሮ ገብቶ ሥራ ይማራል። ቁንዶ ይህን ለእናቷ ከነገረቻቸው ወዲህ በሕልሟም በውኗም እዚያ ቢሮ ናት።

የጓዳዋን ስም ላለማየት ሕንፃውን ወደ ጎን አዞረችው። ያኔ ነው ያየችው። ከበሮ ደረጃውን የሠራው ከላይ እያየ ብቻ ነው፤ ከላይ ሲታይ እንከን የለውም። ከጎን ሲታይ ግን ከደረጃው በላይ ያለው ወለል አልተቀደደም። የሚወጣ ሰው በአናቱ ኮንክሪት ይገጫል። መቅደዱ ለቁንዶ የዓይን ጥቅሻ ሥራ ነው።

«ስማ፣ ደረጃው…» ብላ ጀመረች።

«ደረጃው ምን አገባሽ? ቪላሽ ከታች ነው።»

እንደገና ሳቅ። ቁንዶ ሕንፃውን ወደነበረበት መለሰችና አፏን ዘጋች።

አርክቴክቷ መጣች። ከበሮ ደረቱን ነፍቶ ሐሳቡን ሁሉ «የኔ» እያለ አስረዳ። ወንበሩን፣ መስኮቱን፣ የስፌት ማሽኖቹን አስጎበኘ። ከዚያ የራሱን ቀይ ሹራብ ያለበሰውን ሰውዬ ወደ ላይ ሰደደው፤ መጻሕፍቱ ያሉት ላይ ነው። ሰውዬው ወጣ፣ ወጣ፣ ቀጥ አለ። እግሩ ይራመዳል፤ ከአንገቱ በላይ ግን ኮንክሪቱ ውጦታል።

ክፍሉ በሳቅ ተንፈራፈረ። አስተማሪውም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከበሮ ደጋግሞ ተጫነ፤ ሰውዬው ባሰበት፣ እግሩን ያወራጭ ጀመር። የከበሮ ጆሮ ቀላ፣ ላቡ ኪቦርዱ ላይ ጠብ አለ። ዞሮ ቁንዶን አያት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«በናትሽ» አላት በሹክሹክታ።

በናትሽ አለ ደግሞ። ጣቶቿ ሊነሱ ቃጣቸው። ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ስር ከታ ተቀመጠችባቸው።

አርክቴክቷ ሰውን ከመጽሐፍ የማያደርስ ቤተ መጻሕፍት አልሸልምም ብላ ወደ ሌላው ቡድን ልትሄድ ተነሳች። የክረምቱ ተስፋ በዚያው አበቃ። ቁንዶ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች።

«አንቺ ብቻ አልሳቅሽም፣ አልደነገጥሽምም። ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? አንቺም እኮ አብረሽ ወደቅሽ።»

ቁንዶ ስክሪኑን አየችው። ሰውዬው አናቱን እንደተቀበረ አሁንም ይራመዳል።

«እናቴ ደረጃ ስር ስትገባ ጎንበስ ነው የምትለው» አለች። «እሱም ይልመደው።»