ከአባዬ አልጋ የመጣው ድምፅ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምነግራችሁ በራሴ የደረሰውን ነው... ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ ፏ ብላ።

ሥራዬ ኮምፒውተር ማስተማር ነው። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እውላለሁ። የተቀዳ ድምፅ እሰማለሁ፤ ሰውዬው ምን እያደረገ እንደሆነ እጽፋለሁ።

እየተራመደ ነው። እያሳለ ነው። ወደቀ።

ኒውራል ኔትወርክ የሚባለው ፕሮግራም ከዚያ ይማራል። ያስተማርነው አሥራ አንድ ነገር ብቻ ነው።

አባዬን እግሩ ከከዳው ሁለት ዓመት አልፎታል። የምታስታምመው ታላቅ እህቴ ናት። እሷ ስትወጣ እንዳይወድቅብን ብዬ፣ ይኸው ፕሮግራም ያለበትን ድምፅ የሚለይ ትንሽ መሣሪያ ራስጌው አስቀመጥኩ። የሰማውን በስልኬ ይልክልኛል።

ያን ዕለት ሥራ ላይ እያለሁ መልእክት ገባ።

«እየተራመደ ነው።»

እህቴ መሆን አለባት ብዬ ደወልኩላት።

«እታለም፣ አባዬ ጋ ነሽ?»

«ኧረ መድኃኒት ቤት ተሰልፌያለሁ። ምሳውን አብልቼ፣ በሩን ቆልፌ ነው የወጣሁት። ምነው?»

«ምንም... ብቻ ቶሎ ግቢ።»

ስልኩን ሳልዘጋው ሌላ መጣ።

«አልጋ ላይ እየወጣ ነው።»

ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ማዳመጫዬን ሰክቼ ክፍሉን በመሣሪያው በኩል በቀጥታ አዳመጥኩ።

ጸጥታ...

ከዚያ የአባዬ ድምፅ። በሹክሹክታ።

«ልጄ እየመጣ ነው... ዝም በል።»

ስልኬ እጄ ላይ በራ።

«ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀ ነው።»

ይህን አላስተማርነውም። ትንፋሹን የያዘ ሰው ምን ድምፅ አለው?

እህቴን በር ላይ አገኘኋት። ቁልፉን ተቀብያት ከፈትኩ።

አባዬ ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ደርሶ ተኝቷል። ግንባሩን ነካሁት።

በረዶ ነው።

ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ጠራናት። ክንዱን ልታጥፍ ሞከረች። አልታጠፍ አላት።

«ካረፈ ቆይቷል» አለች ቀስ ብላ። «ሌሊቱን መሆን አለበት።»

«እንዴት ተደርጎ?» አለች እህቴ። «ሰባት ሰዓት ላይ በእጄ ነው ያበላሁት... ጨምሪልኝ ብሎኝ ጨምሬለታለሁ።»

ነርሷ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሳህን አየችው። ተጠርጎ ተበልቷል።

ይኸው ወር ሆነን። እህቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት።

«ታዲያ ማንን ነው ያበላሁት?»



ለነርሷ ያልነገርናት ነገር አለ። እሷ ሰው ልትጠራ ስትወጣ፣ እኔና እህቴ አባዬን ልናስተካክለው ብርድ ልብሱን ገለጥን።

ከጎኑ፣ በግድግዳው በኩል፣ ፍራሹ የሰው ቅርፅ ይዞ ጎድጉዷል።

እጄን ሰደድኩ።

ይሞቃል።

እጄን ሳላነሳ... ፍራሹ ከእጄ ሥር ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ። የተኛበት ሰው እንደተነሳ።