የ4117 ቀይ ማስታወሻ

መርማሪዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ በቦርሳዋ ይዛ ዞራለች። እጥፋቱ ላይ ስለተበጣጠሰ በፕላስተር ለጥፋዋለች። ታናሽ ወንድሟ ከአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የተባረረበት ደብዳቤ ነው። የታካሚ ቁጥር 4117ን የአለርጂ ማስታወሻ ከካርዷ ስላጠፋ በሽተኛዋ በፔኒሲሊን መርፌ ሞታለች ይላል፤ ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለ። ወንድሟ ሁለት ዓመት ታስሮ ወጣ፤ ከወጣ በኋላም ቀና ብሎ ሰው ሳያይ በስድስተኛው ወር ሞተ። እናታቸው እስከ ዛሬ ድረስ ጎረቤት ባየች ቁጥር በሯን ትዘጋለች።

ሰኞ ከሰዓት የክሊኒኩ ባለቤት፣ ሽማግሌው ዶክተር፣ ራሳቸው ደወሉላት።

«ማስታወሻውን ያጠፋው ወንድምሽ አልነበረም» አሏት። «ረቡዕ ነይ፣ ማን እንደሆነ ልንገርሽ። በስልክ የሚሆን አይደለም።»

ረቡዕ ጠዋት ስትደርስ ሽማግሌው በራሳቸው ክሊኒክ አልጋ ላይ ሞተዋል። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየች። ፊታቸው አብጦ አንገታቸው ቀይ በቀይ ሆኗል።

«ምን ወጋሻቸው?» አለቻት አጠገቧ የቆመችውን ነርስ።

«ፔኒሲሊን» አለች ነርሷ፤ ዓይኗ ደፍርሷል። «እግራቸው ቆስሎ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳቱ ጥሏቸው ነበር፤ ራሳቸውንም አያውቁ። ገጻቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ አይቻለሁ፣ እትዬ። አለርጂ ካለ በቀይ ይጻፋል። ምንም አልነበረም። እኔ እዚህ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው፣ በምን ልወቅ?»

መርማሪዋ ገጹን አስከፈተቻት። ቀይ የሚባል ነገር የለበትም።

ሥራ አስኪያጁ የሟቹ የእህት ልጅ ነው፤ ያኔም ሥራ አስኪያጁ እሱ ነበር። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ድምፁም እንደ ሸሚዙ።

«ጋሼ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ማስታወሻው ገጻቸው ላይ አለ፤ አሁን ቢሮዬ አይቼው መምጣቴ ነው። ልጅቷ አላየችም፣ በቃ።»

«በእርስዎ ኮምፒውተር?»

«በእኔው። ቢሮዬን እቆልፋለሁ፤ ከእኔ በቀር የሚነካው የለም።»

መርማሪዋ ትታው ወጣች። የክሊኒኩን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራውን ባለ መነጽር ፈልጋ አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ለእናትህ እንደምትነግራት አድርገህ ንገረኝ።»

«ማስታወሻው ላይ የበሽተኛው ስም የለም፣ እትዬ» አለ። «የበሽተኛው ቁጥር ብቻ ነው ያለው። መዝገቡ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በመዝገቡና በስክሪኑ መካከል ደግሞ እንደ አስተርጓሚ ያለ ነገር አለ፤ ቁጥሩን አይቶ የማን እንደሆነ ስሙን ያመጣል።»

«ማስታወሻን ማጥፋት ይቻላል?»

«አይቻልም፣ ከልክዬዋለሁ። ቁጥሩን ባዶ ማድረግም አይቻልም። ወደ ሌላ በሽተኛ ማዛወር ግን ይቻላል፤ በስህተት የገባ እንዲታረም። ነርሷም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ እኔም እንችላለን።»

«ማን እንዳዛወረ ይመዘግባል?»

ባለ መነጽሩ አንገቱን ደፋ። «አይመዘግብም። ሽማግሌው እንዲመዘግብ አድርገው ብለውኝ ነበር። ነገ ነገ ስል...»

«የሳቸው ማስታወሻ አሁን የት ነው?»

ሲፈልግ ቆየና ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። «4117 ላይ። የሞተች በሽተኛ ናት፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት።»

የመርማሪዋ እጅ ወደ ቦርሳዋ ሄዶ እዚያው ቀረ።

ሁሉንም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮውን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ስክሪኑን አዞረላት። የሽማግሌው ስም፣ ከሥሩ ቀዩ ማስታወሻ።

«ይኸው» አለ።

«ስሙ ልክ ነው። ከጎኑ ያለውን ቁጥር ያንብቡልኝ።»

አላነበበም። ባለ መነጽሩ ጎንበስ ብሎ አነበበው፤ «4117።» ከዚያ ቀስ እያለ ቀና አለ። «ስሙን ብቻ ቀይሮ ቁጥሩን ረስቶታል። እንዲህ ሲሆን አስተርጓሚው የሚያምነው ቁጥሩን ነው፤ መዝገቡ ላይ ምንም አልተለወጠም። አዲሱ ስም የሚታየው በተጻፈበት ስክሪን ላይ ብቻ ነው፣ ገጹ እስኪዘጋ።»

«ማስታወሻው ሳይዛወር በፊት የከፈትኩት ገጽ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ቢሆንማ ቁጥሩም የሳቸው ይሆን ነበር» አለች መርማሪዋ። «ማስታወሻውን ላጥፋ ብለው ኮምፒውተሩ እምቢ አለዎት። ባዶ ላድርገው ብለው እምቢ አለዎት። ገጹን ማንም የማይከፍተው ሙት አስፈለገዎት። ነርሷ ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ባለ መነጽሩም በሽተኛዋ ከሞተች ከዓመታት በኋላ የመጣ ነው። ያንን ቁጥር በቃላችን የምናውቅ ሁለት ነን፦ ፈራሚውና እኔ። ዛሬ ሽማግሌው ሲሞቱ በነርሷ ለማላከክ ስሙን መለሱ። ቁጥሩ ግን እዚያው ቀረ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ሰኞ ሽማግሌው ሲደውሉልኝ በሩ ላይ ሆነህ ትሰማ ነበር፣ አይደል?»

አንተ ስትለው ፊቱ አመድ መሰለ።

«የዚያችን በሽተኛ ማስታወሻ ከካርዷ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «ላነበው ወስጄ ረሳሁት። ጋሼ ሰሞኑን መሳቢያዬ ውስጥ አገኙት። ሊያዋርዱኝ ነበር።»

ፖሊሶቹ ካቴና ይዘው ሲጠጉ መርማሪዋ በእጇ አስቆመቻቸው። ደብዳቤውን አውጥታ ፊቱ ዘረጋች፣ እናቷ ጋ ደውላም ስልኳን አጠገቡ አስቀመጠች፤ ድምፁን ከፍ አደረገች።

«እማዬ፣ የሚነግርሽ ሰው አለ።» ወደ እሱ ዞረች። «እስከ ፊርማህ ድረስ አንብብላት። ከዚያ ማን እንደነበር ንገራት።»

አነበበ። ፊርማው ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። «ልጅዎ አልነበረም፣ እማማ። እኔ ነኝ።»

ከዚያ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ፤ «ቆይ። ጎረቤቶቼን ልጥራቸው።»

ወዲያ ማዶ በር ሲከፈት ተሰማ። መርማሪዋ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ተሰብስበው እስኪያልቁ እንጠብቃለን» አለችው። «ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምረህ ታነበዋለህ።»