ሳልጠራህ እንዳትመጣ

«ስንት ኪሎ ነሽ?»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገራት በዚህች ጥያቄ ነው። ስሟን አልጠየቀ፣ እንደምን አደርሽ አላለ! እሱ የጀልባ ማኅበሩ ሸራ ሰፊ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በሞተር ጀልባ እየዞረ ሐይቁ ላይ የተቸገረ ሰው ይረዳል። እሷ ፋርማሲስት ናት፤ ያን ዕለት የአባቷን ካታማራን ልታወጣ መምጣቷ ነበር።

«ሰው እንዴት እንደሚያናግሩ ያስተማረህ የለም?» አለችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው የሥራ ጥያቄ ነበር። ካታማራን ሁለት ቀጫጭን ታንኳዎች ጎን ለጎን የተጣመሩበት ባለ ሸራ ጀልባ ነው። ይፈጥናል፤ ነፋስ ሲበረታበት ግን በጎኑ ይተኛል። የሚያቃናው የሰው ክብደት ነው፦ የታችኛው ታንኳ ላይ ቆሞ፣ ከላይኛው የታሰረውን ገመድ ይዞ፣ ወደ ኋላ መንጋለል። ድሮ ከአባቷ ጋር ስለምትወጣ ይህ አሳስቧት አያውቅም። አሁን ግን የአባቷ ጉልበት እምቢ ብሏል። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ የተገለበጠ ጀልባን ብቻውን ማቃናት ያልቻለ ሰው ብቻውን አይወጣም ይላል። ካልቻለች ያ ያደገችበት ጀልባ ሊሸጥ ነው።

ሦስት ቅዳሜ ሞከረች። ሆን ብላ ትገለብጠዋለች፣ ገመዱን ይዛ ትንጋለላለች፣ ምሰሶው ከውሃው ክንድ ያህል ከፍ ይልና ተመልሶ ይተኛል። ወዲያው ሸራ ሰፊው ሞተሩን አስነስቶ ይደርሳል፤ በአንድ እጁ ብድግ ያደርገዋል!

«ማን ና አለህ?»

«ከንፈርሽ በብርድ ጠቁሯል እኮ...»

«ይጥቆር! የራሴ ከንፈር ነው!»

የሚገርመው፣ ቤቷ ገብታ ፀጉሯን ስታደርቅ የምታስበው ስለ ጀልባው አልነበረም። ስለ እሱ ነበር። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

በአራተኛው ሳምንት በስፌት ክፍሉ በር ስታልፍ፣ ለማኅበሩ ሊቀ መንበር ሲናገር ሰማችው።

«እሷ በዚህ ክብደቷ ብቻዋን አትችልም። እንዳትፈቅዱላት።»

በመጣችበት ተመልሳ ሄደች፤ ሁለት ሳምንት ሙሉም በዚያ በኩል ዝር አላለችም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ፋርማሲው ውስጥ ተሰልፎ አየችው። ተራው ደረሰ።

«የመድኃኒት ማዘዣህን!» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው።

«ማዘዣ የለኝም።» አንድ ጥቅል ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ከሸራ ቁራጭ የተሰፋ፣ ማንገቻ ያለው ትልቅ ቦርሳ ነው። «ሐይቁ ውስጥ ውሃ ትሞይውና በጀርባሽ ታዝይዋለሽ። ገመዱን ይዘሽ ስትንጋለይ ክብደት ይሆንሻል። ስንት ኪሎ ነሽ ያልኩሽም ለዚሁ ነበር።»

«አትችልም ብለህ የለ?»

«ይሄ ሳያልቅ እንዳትወጪ ብዬ ነዋ! ስፌቱ ውሃ እያፈሰሰ ሦስት ጊዜ ፈታሁት።»

«ታዲያ ክብደቴን ከየት አመጣኸው?»

«አባትሽን ጠየቅኳቸው። ‹እኔ ነገርኩህ እንዳትል፣ ትገድለኛለች› ብለው...»

ከኋላው የተሰለፉት አሮጊት ሳቃቸው አመለጣቸው። «ልጄ፣ ተቀበይውና የእኔን የደም ግፊት መድኃኒት ስጪኝ» አሉ።

እሷም ሳቀች። ቦርሳውን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው።

«እሁድ የማኅበሩን ፈተና እፈተናለሁ። ግን ሳልጠራህ እንዳትመጣ!»

«እሺ።»

«ማል!»

«እናቴ ትሙት!»

እሁድ ጠዋት አባቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ዳር ቆሙ። ሸራ ሰፊው ራቅ ብሎ ሞተር ጀልባው ላይ ነው። ጀልባዋን ገለበጠች፣ ቦርሳውን ሞልታ አዘለች፣ ተንጋለለች። ምሰሶው ተነሣ... ተነሣ... ቀና አለ! ግን የሸራውን ገመድ ማላላት ረስታ ነበር። ነፋሱ ሸራውን ሞላውና ጀልባውን በሌላ ጎኑ ደፋው።

እያሳላት ከውሃው ብቅ ስትል፣ እሱ ብድግ ብሎ ቆሟል።

«ተቀመጥ!» ብላ ጮኸች።

ተቀመጠ። የሞተሩን ቁልፍ ነቅሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። ጭንቀቱ ከዚያ ርቀት እንኳ ይታያታል። ቢመጣ በአንድ እጁ ያነሣላታል፤ ግን አልመጣም። እንደምትወደው በእርግጠኝነት ያወቀችው ያኔ ነው።

ክንዷ ዝሏል። የሸራውን ገመድ አላላች። የጀልባው አፍንጫ ወደ ነፋሱ እስኪዞር ጠበቀች። ቦርሳውን እንደገና ሞልታ ተንጋለለች። ምሰሶው ከውሃው ተላቀቀ፣ ሸራው ውሃውን አራገፈ፣ ላይኛው ታንኳ ቻፍ! ብሎ ከጎኗ ወረደ። ጀልባው ጥሏት እንዳይሄድ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። ቆመላት!

አባቷ ምርኩዛቸውን ጥለው አጨበጨቡ። እሷ ግን ወደ ዳር አልሄደችም፤ ካታማራኑ ላይ ወጥታ በቀጥታ ወደ ሞተር ጀልባው ሄደች።

«ቻልኩ!»

«አየሁ...» የጨበጠውን ቁልፍ አሳያት። «እኔም አልመጣሁም።»

«አሁን ና። ውጣ።»

«ለምን? ብቻሽን ቻልሽ እኮ!»

«ስለቻልኩ ነዋ! ጀልባ የሚያነሣልኝ አጥቼ የጠራሁህ እንዳይመስልህ። አንተን ፈልጌህ ነው።»

ሁለቴ አላስጠራትም። ሞተር ጀልባውን በአጠገቡ ከተንሳፈፈው የጀልባ ማሰሪያ በርሜል ጋር አስሮ ካታማራኑ ላይ ዘሎ ወጣ። ጀልባው ሲንገዳገድ እጁን ያዘችው፤ ዳር ከደረሱ በኋላም አልለቀቀችውም።