መብራት ሲቀያየር የጠፋ ድምፅ

ናጅላ ምሳዋን ብቻዋን በልታ አታውቅም። እህቷ ወዳድ ካረፈች ስምንት ወር አልፏል፤ ቢሆንም በሊባኖሷ ትሪፖሊ ወደብ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው ዛሬም በምሳ ሰዓት የሁለት ሰው ድምፅ ይሰማል።

ወዳድ ዕድሜዋን ሙሉ መምህርት ነበረች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ኮምፒውተር ገዝታ ባሕር ማዶ ለሚያድጉ የአገሯ ልጆች ዐረብኛ ታስተምር ጀመር፤ እያንዳንዱንም ትምህርት ቀድታ አስቀመጠችው። መቶ አሥራ ሁለት ትምህርት ናቸው። ናጅላ ምሳዋን ስታቀርብ አንዱን፣ ብዙ ጊዜ አርባ አንደኛውን፣ ትከፍታለች። ፊደል ልትማር አይደለም፤ የምትጠብቀው መሐል ላይ የሚመጣውን ነው። ወዳድ ትምህርቱን ድንገት ታቋርጥና ወደ ወጥ ቤቱ ዞራ፣ «ናጅላ! ጋዙን አጥፊው፣ ምስሩ አረረ!» ብላ ትጮኻለች። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ መለስ ብላ፣ «ይቅርታ ልጆች፣ እህቴ ልብስ መስፋት እንጂ ድስት መጠበቅ አልተፈጠረላትም» ትላለች፤ ልጆቹም ይንጫጫሉ። አርባ ዓመት ያንገሸገሻት ነቀፌታ ነበር። ዛሬ ያለ እሱ እህል ከጉሮሮዋ አይወርድም።

በአርባው ቀን የወንድማቸው ልጅ ሉጃይን ከሰይዳ ከተማ መጥታ፣ «አክስቴ፣ እነዚህን ቅጂዎች እኔም ጋ ላስቀምጣቸው» ብላ ለምናት ነበር።

«የእህቴ ድምፅ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች ናጅላ። «ዛሬ አንቺ ጋ፣ ነገ በየሰዉ ስልክ፣ ከነገ ወዲያ የማንም መሳቂያ።»

«ማሽን እኮ ይሞታል፣ አክስቴ።»

«እኔ ቁሜ እያለሁ አይሞትም!»

ሉጃይን ልመናውን ተወችው፤ ናጅላም ያሸነፈች መሰላት። ሐዘን አንዳንዴ ሰውን ቆንቋና ያደርጋል። የምንወደውን ሰው ትዝታ ለሌላው ብናካፍለው የሚጎድልብን ይመስለናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ መንቀራፈፍ ጀመረና ናጅላ ከሕንጻው ሥር ሱቅ ያለውን ጠጋኝ ሙንዚርን አስጠራችው። ሰፈርተኛው «ሙንዚር ፎርማት» ይለዋል። ቫይረስ ይሁን አቧራ፣ የታመመ ኮምፒውተር ከመጣለት መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ያለውን ሁሉ ይደመስስና እንደ አዲስ ይጭናል። ደንበኛው በአንድ ሰዓት ይሸኛል። የጠፋበትን የሚያውቀው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሙንዚር አቧራውን ጠርጎ፣ «ማሽኑ ደህና ሆኗል፣ እትዬ» አለ። «ከመጣሁ አይቀር ግን ማዘርቦርዱን፣ ዋናውን ሰሌዳ፣ የሚቀሰቅሰውን ፕሮግራም ላድስልዎ። አዲስ ወጥቶለታል።»

«ደህና ከሆነ ለምን ይነካል?»

«አምስት ደቂቃ ነው!»

ናጅላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ለአሥር ሰዓት ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። በዚያ ሰፈር ይህን ሰዓት ሕፃንም ያውቀዋል። አሥር ሲሞላ የሰፈሩ ጄኔሬተር ይጠፋል፣ ከዚያ የመንግሥት መብራት እስኪመጣ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ጨለማ ነው። ከሩብ ጉዳይ በኋላ ሊፍት ውስጥ የሚገባ ሰው አይገኝም።

«መብራቱ ሊቀያየር ነው፣ ልጄ።»

«መጠባበቂያ ባትሪ የለዎትም እንዴ?»

«አብጦ ሞቷል። የምታስቀይረው ወዳድ ነበረች።»

«ምንም አይሆንም፣ እንደርስበታለን» አለና ጀመረው።

ይህች «ምንም አይሆንም» የምትባል ቃል ስንት ቤት አፍርሳለች! እድሳቱ የደረሰበትን የሚያሳየው መስመር ሰባ ከመቶ ላይ ሲደርስ ጄኔሬተሩ ጸጥ አለ፤ ማያ ገጹ ጨለመ። ትንሽ ቆይቶ መንገድ ላይ ያሉት «መብራት መጣ!» እያሉ ጮኹ፤ ማቀዝቀዣውም ማጓራት ጀመረ። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ዞረ፣ መብራቱም በራ። ፕሮግራሙ ግን ግማሹ ብቻ ተጽፎ ስለ ተቋረጠ ማያ ገጹ እንደ ጨለመ ቀረ።

ሙንዚር ላቡን ጠረገ። ሚሞሪዎቹን ነቅሎ በላጲስ አጸዳና አንድ በአንድ ሞከራቸው። ሳንቲም የምታህለውን ባትሪ አውጥቶ ቆየና መለሳት። ማያ ገጽ ቀየረ። ለውጥ የለም።

በመጨረሻ፣ «ማዘርቦርዱ አርጅቶ ነበር» አለ ፊቷን ሳያይ። «ሌላ እንቀይርና ዲስኩን ፎርማት አድርጌ …»

«ዲስኩ ውስጥ እህቴ አለች!»

ዲስኩን አውጥቶ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካው። ቁልፍ ጠየቀው። ወዳድ የተማሪዎቿን ፊት ማንም እንዳያይ ብላ ዲስኩን ቆልፋው ኖሯል፤ ቁልፉም የሚኖረው በዚያው በሞተው ማዘርቦርድ ላይ ነው። እሱ ካልተነሣ ዲስኩ አይከፈትም።

ናጅላ ሦስት ቀን በዝምታ ምሳ አቀረበች። ናፍቆት ድሮም ነበረባት፤ ያኛው ግን በየቀኑ ማስታገሻ ነበረው። ይህ ሌላ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ የወዳድን ጩኸት ራሷ ልትለው ሞከረች፤ «ናጅላ! ጋዙን …» አለች ባዶ ቤት ውስጥ። የወጣው የራሷ የደከመ ድምፅ ነው። የእህቷ ድምፅ ቀጭን ነበር ወይስ ወፍራም? እርግጠኛ መሆን አቃታት። ይህን ጊዜ ፈራች። እህቷን የቀበረች ቀን እንኳ እንዲህ አልፈራችም። ማንኪያዋን አስቀምጣ አለቀሰች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሱቁ ወረደች።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። የማን ጥፋት ነው?»

«እትዬ፣ መብራቱ እኮ …»

«መብራቱማ በሰዓቱ ጠፋ። እሱ ቃሉን አላጠፈም።»

ሙንዚር መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንገቱን ደፍቶ፣ «የኔ ነው» አለ። «እርስዎ ነግረውኝ ነበር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይኸው ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው። ፕሮግራሙ የተጻፈባትን ቺፕ በመቆንጠጫ ይዞ፣ ከሌላ ኮምፒውተር በቀጥታ እንደገና መጻፍ ነው። ተምሬዋለሁ፤ ግን ቀን ሙሉ ይፈጃል። ሰው ይቸኩላል፣ እኔም እቸኩላለሁ፣ ፎርማት ይቀላል።»

«እኔን የሚያስቸኩለኝ የለም» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ሙንዚር ኮምፒውተሩን ከፎቅ አውርዶ ሱቁን ለሌላ ደንበኛ ዘጋ። ቺፗ ከትንሽ ጣት ጥፍር አትበልጥም። በመቆንጠጫው ያዛት፤ ግን ወዲያው አልጻፈባትም። መጀመሪያ በውስጧ ያለውን ገልብጦ አስቀመጠ። ደግሞ ገለበጠና ሁለቱን አስተያየ።

«የተበላሸውን ምን ይሠራልሃል ብለህ ነው የምትገለብጠው?» አለች ናጅላ።

«የእህትዎ ቁልፍ ከዚህ ውስጥ በአንዷ ጥግ አለ። እሷን ሳልነካ የተበላሸውን ክፍል ብቻ ነው የምጽፈው። ሁሉን ደምስሼ ቢሆን ኖሮ ቁልፉም አብሮ ይሄድ ነበር። ሕጉ ይኸ ነው፤ መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ እጅ።»

«ሕጉን ታውቀዋለህ ማለት ነው።»

«አውቀዋለሁ» አለ እያፈረ። «ማወቅና መሥራት ለየቅል ሆኖብኝ ነው።»

ናጅላ ሉጃይን «ማሽን እኮ ይሞታል» ያለቻትን እያሰበች ነበር። እሷስ ቢሆን መቼ አላወቀችም?

ሙንዚር አዲስ መጠባበቂያ ባትሪ ሰካ። ከዚያም አሥር ሰዓት ሞልቶ፣ መብራቱ ተቀያይሮ፣ መንገዱ ላይ «መጣ!» እስኪባል ሁለቱም እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ። ሙንዚር የተበላሸውን ክፍል ጽፎ ጨርሶ ማብሪያውን ሲጫን ማራገቢያው ዞረ። ማያ ገጹ ጥቁር ነው። ናጅላ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። አንዲት አጭር ጢጥ የምትል ድምፅ ተሰማች፤ ማያ ገጹም ነጣ።

ዲስኩ ቁልፍ ሳይጠይቅ ተከፈተ። ናጅላ በጣቷ አርባ አንደኛውን ትምህርት ጠቆመች።

«… ናጅላ! ጋዙን አጥፊው፣ ምስሩ አረረ!»

ቀጭን ነበረ። እንዴት ረሳችው? ናጅላ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ሳቀችም አለቀሰችም። ሙንዚር ጀርባውን ሰጥቶ መፍቻዎቹን የሚደረድር መሰለ።

«ልጄ» አለች ሲረጋጋላት፣ «ሦስት ቦታ ገልብጥልኝ። አንዱን ለሉጃይን። አንዱን ለተማሪዎቿ ወላጆች። አንዱ እዚህ አንተ ዘንድ ይቀመጥ።»

«እኔ ዘንድ? እኔን ያምኑኛል?»

«ጥፋቱን ካመነ ሰው ጋ ይሻላል።»

ሙንዚር በማግስቱ ሱቁ ግድግዳ ላይ «ሳንገለብጥ አንነካም» ብሎ ጻፈ። ሰፈርተኛው ዛሬም ሙንዚር ፎርማት ይለዋል፤ ስም ቶሎ አይደመሰስም። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ሳይገለብጥ አንድም ዲስክ ደምስሶ አያውቅም። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ የሚሠራውን ነገር ያለ በቂ ምክንያት አትነካኩ፤ መንካት ግድ ከሆነም መብራቱን አስተማምኑ። የምትወዱትን ሰው ድምፅና ፎቶግራፍ አንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ቆልፋችሁ አትመኑ። ለወገን ያካፈላችሁት ነው የሚተርፋችሁ።

በሳምንቱ ሉጃይን ከሰይዳ ደወለች። ስልኩ ውስጥ የድስት ክዳን ይንኳኳል፣ ልጆች ይንጫጫሉ።

«አክስቴ፣ ምሳ እየበላን ነው። ልጆቼ አክስት ወዳድ ትከፈትልን ብለው አስቸገሩኝ። ስሚ እስቲ!»

ከሩቅ፣ ከሌላ ከተማ፣ ከሌላ ወጥ ቤት ያ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ «ናጅላ! ጋዙን አጥፊው!»

ናጅላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ጋዙ ጠፍቷል። ቢሆንም ማጥፊያውን በእጇ ይዛ አረጋገጠች፤ ከዚያም፣ «አጥፍቼዋለሁ፣ እህቴ» አለች።