የሌንደርት መኪና መስኮቶች

የሌንደርት ሬሳ የተገኘው ከቦናይር ደሴት ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ ከኮራል ድንጋዩ ሥር ነው። የመጥለቂያ ልብሱን ለብሷል፣ የአየር ጋኑን አዝሏል፣ የመኪናው ቁልፍ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ማጅራቱ ላይ ግን የጣት ምልክት አለ። መርማሪ ሶራይዳ ያንጋ ስትደርስ አለቃዋ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት፤ ባልና ሚስቱ ማታ ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል፣ ስለዚህ ሚስቱ ሃነኬ ዛሬውኑ እስር ቤት ትገባለች።

የሶራይዳ ዓይን ውሃው ዳር የቆመው የሟቹ መኪና ላይ ቀረ። መስኮቶቹ ወርደዋል፣ በሮቹም አልተቆለፉም። የደሴቲቱ ጠላቂ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያቆመው፤ ሌባ መስታወት ከሚሰብር ባዶ መሆኑን አይቶ ይሂድ ተብሎ።

«ባልዎ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያቆመው?»

«ሌንደርት?» አለች ሃነኬ፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ። «ነዳጅ ሲቀዳ እንኳ ይቆልፋል። እኔም እንደሱው ነኝ። ሩድሰል ‹ምን ደብቃችሁ ነው፣ አሮጌ ነጠላ ጫማችሁን?› እያለ ያሾፍብን ነበር።»

ሩድሰል የደሴቲቱ ልጅ፣ የሟቹ የጠላቂ ሱቅ ሸሪክ ነው። የሶራይዳን ልጅ ዋና ያስተማረውም እሱ ነው። «ባሕሩ ወሰደው በቃ፣ ሶራይዳ» አላት። «እህቴንም እዚሁ ነው የወሰዳት።»

እህቱ ኤልድሪን አምና እዚህ ስትሞት አብሯት የጠለቀው ሌንደርት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመሽ እዚህ አይዋኝም።

ትናንት ከሆላንድ የመጣው የሟቹ ወንድም ዮሪት በበኩሉ «ከዚያች ልጅ ሞት በኋላ ወንድሜ እዚህ ቦታ ድርሽ ብሎ አያውቅም» አለ። «እኔ ነድቼ ሄጄ ቦታውን እንዳላየው መኪና መንዳት አልችልም።»

ሶራይዳ ሦስቱንም መኪናው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ልታወራው ያለችውን ነገር ጠላችው፤ ዝም ብትል ግን ያለ ጥፋቷ የምትታሰር ሴት አለች።

«ሌንደርት እዚህ አልመጣም፣ አምጥተውት ነው። ራሱ ቢነዳ ይቆልፍ ነበር። ሃነኬም ብትሆን ትቆልፍ ነበር። ዮሪት መንዳት አይችልም። መኪናውን ያቆመው የእኛ የደሴቲቱ ሰው ነው። ቁልፉን አስታውሶ ሬሳው አንገት ላይ መለሰ፤ መስኮቱን ግን እጁ ሳያስበው አወረደው። እኛ እንደሆንን ይህን አስበን አናደርገውም።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። «ሩድሰል፣ ከሌንደርት ቅርብ ሰዎች የደሴቲቱ ልጅ አንተ ብቻ ነህ። ምነው አንተ ባልሆንክ።»

ሩድሰል አልካደም።

«ማታ ሰክሮ ሱቅ መጣና ነገረኝ። እህቴ አየር አልቆባት ጋኗን በቢላዋ እያንኳኳች ስትጠራው፣ ፈርቶ ጥሏት ወጣ። ዕቃ የምናጥብበት ገንዳ ውስጥ ደፈቅኩት።»

ሃነኬ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሶራይዳ ካቴናውን አወጣች።

«እሷ ከሞተች ጀምሮ በጠለቅኩ ቁጥር ያ ማንኳኳት ይሰማኛል» አለ ሩድሰል እጆቹን እየዘረጋላት። «እሱ ሲሞት ይቆማል ብዬ ነበር። ሬሳውን ይዤ ስጠልቅ ግን፣ ሶራይዳ፣ ሁለት ሆነው ነው ያንኳኩት።»