ዓይኑን የጨፈነው መሣሪያ

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። እኔም ከሰው ብሰማው አላምንም ነበር። ግን ደርሶብኛል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። በጠራራ ፀሐይ። የሳተላይት መረጃ በምንቀበልበት ክፍል ከባልደረባዬ ጋር ተቀምጠናል። ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር ስለሌለች "ጎፈሬው" እንለዋለን።

ሳተላይታችን የሚለካው በላይኛው ከባቢ አየር ያለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ይኸው ጋዝ በሰው ትንፋሽም ውስጥ በጥቂቱ አለ። ልጄ አስም ስላለባት፣ ሐኪሟ በትንሽ መሣሪያ እፍ እያስባለ የሚለካላት እሱኑ ነው።

ሳተላይቱ በዞረ ቁጥር ላዩ ላይ ያለውን የመለኪያ መሣሪያ መዝጊያ እንዘጋለን። ዓይኑን ሲጨፍን ምንም እንደማያይ ለማረጋገጥ ነው። ያኔ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ይላል።

የዚያን ቀን ግን ቀጥ አላለም...

ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። ከዚያ አንድ ረጅም...

"መዝጊያው ተዘግቷል?" አለ ጎፈሬው በሹክሹክታ።

"ተዘግቷል።"

"ታዲያ ምን እያየ ነው?"

ምቱን አውቀዋለሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ልጄን ሲያፍናት አጠገቧ ተቀምጬ የምሰማው ትንፋሽ ነው።

ቤት ደወልኩ።

"ተኝታለች" አለች ባለቤቴ። "ትንሽ አፍኗታል።"

"ስልኩን አፏ ጋ አድርጊልኝ።"

ሰማሁ... ስክሪኑን አየሁ... እኩል ይሄዳሉ።

"ብልሽት ነው፣ ላጥፋው" ብሎ ጎፈሬው እጁን ዘረጋ።

"እንዳትነካው።"

ሳተላይቱ ግን ከአድማስ በታች ሊሰወር ነው። ሲሰወር መስመሩ ይቋረጣል። ልጄስ?

መስመሩ ተቋረጠ።

ስልኩም ጸጥ አለ...

"ሰማህ?" አለች ባለቤቴ፣ ደስታ በደስታ ሆና። "ለቀቃት እኮ። ድምፅ እንኳን የላትም።"

ከዚያ ወዲህ ልጄን አፍኗት አያውቅም። በሐኪሟ መሣሪያ እፍ ስትል ግን ዜሮ አሳየ። ሐኪሙ ራሱ ሲሞክረው በደንብ ይሠራል። ደግማ እፍ አለችበት። ዜሮ።

ሳተላይቱ ላይ ደግሞ፣ መዝጊያውን በዘጋን ቁጥር... ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ዛሬ ጠዋት በጣም በርዶ ነበር። ትምህርት ቤት ሳደርሳት የመኪናው መስኮት ላይ ሥዕል መሣል አማራት። አፏን ወደ መስተዋቱ አስጠግታ ጉም እንዲይዝ ተነፈሰችበት። ደግማ ተነፈሰች...

መስተዋቱ ጥርት እንዳለ ነው።

ዞር ብላ አየችኝ።

"አባዬ፣ አንተ ተንፍስልኝ" አለች ቀስ ብላ። "የእኔ እኮ እዚህ የለም።"